ኮሜንቱን እናቱም ትሰማዋለች

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን ውስጥ፣ አብያን ጠረፍ ላይ፣ አንድ ጀልባ ሰጠመ። ከተሳፈሩት አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። ወዲያው ከ60 በላይ ሰው መሞቱ ተነገረ። ቁጥሩ ከዚያም ጨመረ።

ያን ሰሞን ኮምቦልቻ ነበርኩ፣ እናቴ ጋ። የጎረቤታችን ልጅ ከቤት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ነው። ወሬው የተሰማ ዕለት ማታ ቤቷ በሰው ሞላ። ቡናው ቀርቧል፤ ስኒ የሚያነሳ ግን የለም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ልጇ ስልኩን ይዞ ከጎኗ ተቀምጧል። ዜናውን አነበበላት። «ከሥሩስ ሰው ምን ይላል?» አለችው። «የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሁ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

ልጁ በአውራ ጣቱ ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ ይገፋል። ድምፁ ግን ጠፋ።

ከኋላው ስለነበርኩ ይታየኛል። «ማን ሂዱ አላቸው?» ይላል አንዱ። «አርፈው እዚሁ ሠርተው አይበሉም?» ይላል ሌላው። «የዓሣ ቀለብ» ብሎ የጻፈም አለ፣ ከጎኑ የሳቅ ምልክት ደርድሮ። ብዙ ላይክ ያገኘው ግን አንድ አጭር ጥያቄ ነበር፤ «የየት ሰዎች ናቸው?»

ልጁ ለእናቱ ምን ብሎ እንዳነበበላት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከእናንተ ጋር የምነጋገረው አለኝ፣ ወገኖቼ። ይሄን የጻፈው ከሩቅ የመጣ ጠላት አይደለም። በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ በእኛው ፊደል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል ሰው ነው የጻፈው። ያ ሰው ስልክ ሲይዝ ምን እንደሚነካው አይገባኝም። ማንም ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ የሟች እናት ፊት ቆሞ፣ «ማን ሂድ አለው?» አይልም። ቢል አንገቱን ይዘው ያወጡታል። ኮሜንቱም እኮ ለቅሶ ቤት ነው። ያቺ እናት እዚያው ናት፣ ታዳምጣለች።

«ማን ሂዱ አላቸው» ለሚለው ደግሞ መልስ አለው። ሂድ ያለው ደላላው ነው። በኦቦክ መስመር ደላላው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ገንዘብ አይጠይቅም። «አንተ ብቻ ሂድ፣ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ» ነው የሚለው። አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ይሄን ሲሰማ ዕድል የመጣለት ይመስለዋል። የአፋርን በረሃ አልፎ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል በእግሩ ሄዶ ባሕሩ ጋ ይደርሳል። የመን ሲወርድ የሚቀበሉት ሌሎች ናቸው። ሒሳቡ የሚመጣው ያኔ ነው። እየገረፉ ስልክ ያስደውሉታል። ቤተሰቡ ጩኸቱን እንዲሰማ ነው። ከዚያ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል፣ ዘመድ አዝማድ ይዋጣል። እናንተ «ማን ሂድ አለው» ስትሉ ደላላው ደስ ይለዋል። ጣታችሁ እሱን ትቶ የሞተው ልጅ ላይ ተቀስሯልና።

ስለ ስደት አትከራከሩ አላልኩም። እንዲያውም ክርክሩ አንሶናል እላለሁ። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ መሄድን ሲያግድ፣ እገዳው ሰው አስቀረ ወይስ ደላላ አበለጸገ? በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 «ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ብቻ ይሂድ» ብሎ ነበር። ይሄ ልጆቻችንን ጠበቃቸው ወይስ ያልተማረችውን ደሃ ወደ በረሃው ገፋት? እዚሁ ሀገር ሠርቶ መለወጥ ይቻላል የምትሉ፣ የት፣ በምን መነሻ፣ በስንት ብር ደመወዝ እንደሆነ ንገሩን። እኔ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ጋር ላልስማማ እችላለሁ። ተሟገቱኝ፣ ቁጥር አምጡ፣ ተቆጡም። አስከሬን ላይ ቆሞ መሳቅን ግን ሙግት አትበሉት።

ወደዚያ ብዙ ላይክ ወዳገኘው ጥያቄ ልመለስ። ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው።

በኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ስታባርር ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ? በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ዋሽንግተን ያለው፣ ለንደን ያለው፣ ሥራውን ጥሎ የሳዑዲ ኤምባሲ በር ላይ ጮኸ። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ልጆቻችን ሲታረዱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ያደጉበት የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶው የሁላችንም ነበር። ያኔ በእኔ ዙሪያ ማንም የሟቾቹን ብሔር ቀድሞ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ዛሬ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። መልሱ ታይቶ ነው የሚለቀሰው። «የእኛ» ከሆኑ ነፍስ ይማር፣ «የእነሱ» ከሆኑ የእጃቸውን ነው።

እስቲ መንገዱን ተመልከቱት። የወሎው ልጅ በኦቦክ ይወጣል፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያቀናው የሆሳዕናው ልጅ ደግሞ በሞያሌ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ፣ አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰው ታፍኖ ሞቷል። በታኅሣሥ 2015 ሉሳካ ዳርቻ፣ መንገድ ዳር፣ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ኮንቴይነሩን የዘጋው ሰው የየት ናችሁ ብሎ አልለየም። እኛ ነን ከሞቱ በኋላ የምንለያቸው።

ስለ ዓረብ ሀገር እህቶቻችን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። እኩለ ሌሊት ላይ ቲክቶክ ክፈቱ። አንዷ ሥራዋን ጨርሳ፣ ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ላይቭ ገብታለች። ከኋላዋ የታጠበ ድስት ተደርድሯል። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ እመቤቲቱ እንዳትነቃ። የፈለገችው በአማርኛ የሚያወራት ሰው ነው። የሚጻፍላትን እዩ። ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ደመወዟ፣ ስለ ክብሯ። አንዳንዱን ቃል እዚህ ልደግመው አልችልም። «ገረድ» የሚለው ከመካከላቸው ለስላሳው ነው። ከሚሳደበው መሀል የእህቱ ሀዋላ ሲዘገይ የቤት ኪራይ የሚቸግረው አለ። አውቃለሁ፣ አንዱ አብሮ አደጌ ነው።

በሰኔ 2012 ቤይሩት ላይ አሠሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ኮሮና ነበር፣ የሊባኖስም ገንዘብ ወድቆ ነበር። አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሲያድሩ በፎቶ አይተናል፣ አልቅሰናል። እነዚያን ልጆች የወደድናቸው ሲወድቁ ብቻ ነው? ቆማ፣ ለብሳ፣ እየሳቀች ላይቭ ስትገባ የምንሰድባት ያቺው ልጅ ናት።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ እናንተም ኑ። የእናንተ ስድብ ከእኛ የከፋ የሚሆንበት ቦታ አለ። ሁለት ሰዎች በፖለቲካ ይጣላሉ። አንደኛው መልስ ሲያጣ «ኬዝህን አውቀዋለሁ፣ ኢሚግሬሽን ብደውል ያበቃልሃል» ብሎ ይጽፋል። በአደባባይ፣ ሺህ ሰው እያየው። ወይም ሰውየው የጥገኝነት ማመልከቻው ላይ ምን እንዳለ በእምነት ያጫወተውን ስክሪን ሾት አድርጎ ይለጥፋል። ስለ ቲፒኤስ፣ አሜሪካ ለጊዜው ስለምትሰጠው የመቆያ ከለላ፣ አንድ ዜና በወጣ ቁጥር ደግሞ ወረቀት ያለው ወረቀት በሌለው ላይ ይሳለቃል፣ «ሻንጣህን አዘጋጅ» እያለ። እናንተ ሰዎች፣ ያንን ፍርሃት እኮ ታውቁታላችሁ። በር ሲንኳኳ የደነገጣችሁበት፣ ፖስታ ስትከፍቱ እጃችሁ የተንቀጠቀጠበት ጊዜ ነበር። ብዙዎቻችሁ ነግራችሁኛል። ባላንጣህን በሐሳብ አሸንፈው። ያደረበትን ቤት አታፍርስበት።

እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምናገረው። በ2011 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ያለው ድንበር ተከፍቶ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። አከራዬ ኪራይ ጨመረብኝ። «ኤርትራውያን ከዚህ በላይ ይከፍሉኛል» አለኝ። ያን ማታ ተናድጄ ፌስቡክ ላይ ስለ ኤርትራውያን ጻፍኩ። ያሰብኩትን ሁሉ ጻፍኩ። እዚያው ግቢ፣ ከእኔ ሁለት በር አልፎ፣ ከአሥመራ የመጣች ሴት ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» የምትል፣ ውኃ ሲጠፋ ከጀሪካኗ የምታካፍለኝ ሴት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታዋ አጠረ። ልጇም መጥቶ ከእኔ ጋር መጫወት አቆመ። አንብባው እንደሆነ ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ። ኪራይ የጨመረብኝ አከራዬ ነው። የሰደብኩት ግን እሷን ነው። ጽሑፉን አጠፋሁት፤ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኩ። «ግድ የለም» አለችኝ። ጀሪካኑን ግን ዳግመኛ አላመጣችም።

ዛሬም ሀገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ይዛለች። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጣ ነው። ሸክሙ ቀላል አይደለም። ጋምቤላ ያለ ሰው ስለ መሬት፣ ስለ ማገዶ፣ ስለ ጸጥታ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄው መልስ ይፈልጋል። ስለ ስደተኞቹ የቆዳ ቀለም፣ ስለ ቁመታቸው የሚጻፈው ግን ጥያቄ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ይዘው መጡ። ከእልቂት የተረፉ ልጆች ናቸው። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው፣ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የደረሰው አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ያኔ ፌስቡክ ቢኖር ምን እንጽፍባቸው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለን። ቁጥር 1185፣ በ2012 የወጣ ነው። እኔ ግን እሱን አላስፈራራችሁበትም። የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። ጀልባ ሰጠመ ሲባል የአስከሬን ፎቶ አትለጥፉ። ማን እንዳወጣው ያልታወቀ የስም ዝርዝር አትበትኑ። ልጁ በሕይወት እያለ ድንኳን የተጣለበት ቤት አይቻለሁ። ወዳጃችሁ የማይረባ ነገር ሲጽፍ ስታዩ ደግሞ ከሥሩ ገብታችሁ አትሰዳደቡ፤ ይብስበታል። ደውሉለት። «አንተ፣ ምን ነካህ? አጥፋው» በሉት። እኔን ያኔ አንድ ሰው ደውሎ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ በዚያው ማታ አጠፋው ነበር።

ያ የኮምቦልቻው ልጅ።

እናቱ «ምነው ዝም አልክ?» ስትለው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። «አላህ ይዘንላቸው ይላል እማ» አላት። «ሌላውስ?» «አላህ ለእናቶቻቸው ሶብር ይስጥ ይላል።» «ሌላውስ?» «ሁሉም ዱዓ እያደረጉ ነው እማ።»

እጆቿን ዘርግታ ፊቷን ዳበሰች። «ውለታቸውን አላህ ይክፈላቸው። አንተም አሚን ብለህ ጻፍላቸው እንጂ፣ ዝም አይባልም።»

ልጁ ጻፈ። እንድታየው ስልኩን አዞረላት። ፊደሉን ባታውቀውም አየችው። ትናንት ገብቼ ፈለግኩት፤ እዚያው አለ። ከላይ «ማን ሂዱ አላቸው?» ይላል፤ ከሥሩ፣ በዚያ ልጅ ስም፣ «አሚን»።