ሄንሪም ይስት ነበር

እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌ መጨረሻ ላይ አርሰናል ስዊድናዊውን አጥቂ ቪክቶር ዮኬሬሽን ከስፖርቲንግ ሊዝበን አስፈረመ። የተከፈለበት ከ60 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ሰውየው በቀደመው የውድድር ዘመን ለስፖርቲንግ በ52 ጨዋታ 54 ጎል አስቆጥሮ ነው የመጣው። ደጋፊውን ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ግን ዋጋውም የጎሉ ብዛትም አልነበረም። ማልያው ነው። 14 ቁጥር ተሰጠው፤ የቀድሞው የአርሰናል ኮከብ አጥቂ የቲዬሪ ሄንሪ ቁጥር።

የምኖረው ለንደን፣ ከአርሰናል ሜዳ ከኤምሬትስ ስታዲየም ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። የጨዋታ ቀን ጩኸቱ በመስኮት ይገባል። ቢሆንም የዝውውር ወሬ የምሰማው ሁሌም ከአዲስ አበባ ነው። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የዮኬሬሽና የሄንሪ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ አየሁ። ከሥሩ ክርክሩ ጦፏል። አንዱ «አሁን ገና አጥቂ አገኘን» ይላል። ሌላው «14 መልበስና 14 መሆን ለየቅል ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሰውየው ገና አንድ ጨዋታ አልተጫወተም።

ነሐሴ ላይ አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሏን ያገባው ተከላካዩ ካላፊዮሪ ነው። ዮኬሬሽ ሳያገባ ተቀይሮ ወጣ። ዩናይትድን ሜዳው ላይ አሸንፈን ግሩፑ ለቅሶ ቤት መሰለ። «ሄንሪ ቢሆን ኖሮ» የማይል አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ሊድስ ለንደን መጣና 5 ለ 0 ተሸኘ። ዮኬሬሽ ሁለት አገባ፤ አንዷን በፍጹም ቅጣት ምት። ያው ሰው፣ ያው ግሩፕ፣ አሁን ደግሞ «ንጉሡ ተመለሰ» ሆነ። ሰውየው ከስፖርቲንግ ጋር በዝውውሩ ተጣልቶ የቅድመ ውድድር ዝግጅት ሳይሠራ እንደመጣ ያስታወሰ አላየሁም።

ፈረንጅ ታጋሽ፣ ሐበሻ ችኩል የሚለው የዲያስፖራ ወሬ ግን አይዋጥልኝም። ለንደንም ያው ነው። ሆሎዌይ መንገድ ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ከጨዋታ በኋላ የሚወርደው ስድብ የኛን ያስንቃል። ጋዜጦቻቸው ደግሞ የባሱ ናቸው። አጥቂው ዴኒስ ቤርካምፕ በ1995 ክረምት ከኢንተር ሚላን በ7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ፣ ጎል ሳያገባ ጥቂት ሳምንት ቢያልፉ መሳለቂያ አድርገውት ነበር። ዛሬ ሐውልቱ ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

እኔ ያየሁት ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። ያንን ያየሁት ደግሞ ከጎረቤቴ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደ ቀድሞው የአርሰናል ሜዳ ወደ ሃይበሪ የሚመላለሱ፣ ሃይበሪ ፈርሶ አፓርታማ ሲሆን ያለቀሱ ሰው ናቸው። ዮኬሬሽ ሄንሪን ይሆን ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። «የትኛውን ሄንሪ?» አሉኝ። «የመጀመሪያውን ወር ነው ወይስ የመጨረሻውን?»

ሄንሪ በነሐሴ 1999 ከጁቬንቱስ ሲመጣ 11 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተከፈለበት። የዓለም ዋንጫ ከፈረንሳይ ጋር በልቶ የመጣ ቢሆንም ጣልያን አገር ክንፍ ላይ ተጥሎ አልሆነለትም ነበር። አርሰናል ደግሞ ኒኮላ አኔልካን ለሪያል ማድሪድ ከሸጠ ቀናት ብቻ ናቸው ያለፉት። ደጋፊው የሚያወዳድረው ከአኔልካ ጋር ነው። አሠልጣኙ አርሰን ቬንገር ወደ መሐል አምጥቶ አጥቂ ሊያደርገው ሲሞክር፣ ልጁ ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካት ነበር ይላሉ ጎረቤቴ። የመጀመሪያ ጎሉን ያገኘው መስከረም 18 ቀን 1999 ነው። ተቀይሮ ገብቶ፣ ሳውዝሃምፕተን ሜዳ ላይ፣ 1 ለ 0። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ 26 ጎል ነበረው። ሲሄድ ደግሞ የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ ነው። በ2012 በውሰት ተመልሶ ያገባቸውን ሁለቱን ስትጨምሩ 228 ይሆናል።

ጎረቤቴ ይህን ሲያወሩ ቁጥሩን ብዙም አያነሱም። ተነሡና ከመደርደሪያቸው አንድ የቆየ የጨዋታ ፕሮግራም አወጡ። መስከረም 23 ቀን 1995፣ አርሰናል ከሳውዝሃምፕተን። ቤርካምፕ ከስድስት የሊግ ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባበት ቀን ነው። (ሁለቱም ሳውዝሃምፕተን ላይ መክፈታቸው ይገርመኛል።) ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ጀርባው ላይ የሁለቱ ቡድን ስም ዝርዝር አለ። ከእያንዳንዱ ጎል አግቢ ጎን በእስክሪብቶ ጭረት አድርገዋል። ከቤርካምፕ ጎን ሁለት ጭረት ይታያል። አጠገቡ በትንንሽ ፊደል የጻፉትን አነበቡልኝ፤ «በስንት ጊዜው!» እንደማለት ነው።

እኒህ ሰው ቤርካምፕን ያመልኩታል። ግን የእነዚያን ሳምንታት ጭንቀት አብረው አስቀምጠውታል። በ1983 ከሴልቲክ የመጣውን ቻርሊ ኒኮላስንም አይረሱትም። እሱን ሁሉም የክለቡ ቀጣይ ንጉሥ ነው ብሎ ነበር የጠበቀው፤ በሊጉ እንደተጠበቀው ሳይሆን ቀረ። ሆኖም በ1987 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ ሁለት አግብቶ ዋንጫ አመጣ። ስለዚህ አዲስ ፈራሚ ሲመጣ ሰውየው የሚያነጻጽሩበት አላቸው። ዘግይቶ የተሳካለትን ያውቃሉ፣ ሳይሳካለት የቀረውንም ያውቃሉ፣ አንድ ቀን ብቻ ያበራውንም ያውቃሉ። ስለ ዮኬሬሽ የሰጡኝ ፍርድ «ሰኔ ላይ ጠይቀኝ» የሚል ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። አዲስ አበባ አርሰናልን የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ90ዎቹ መጨረሻ ናይጄሪያዊው አጥቂ ካኑ ነበር። ጥቅምት 1999 ቼልሲ በሜዳው 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ካኑ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ሦስት አግብቶ የገለበጠው ጨዋታ ስንቱን ደጋፊ እንዳደረገ ቤቱ ይቁጠረው። ቪዬራም ነበር። ሄንሪ፣ ሎረን፣ ኮሎ ቱሬም መጡ። በ2003/04 ያለ አንድ ሽንፈት ሊጉን የበላው ቡድን ነው። ጥቁር ተጫዋቾች የሞሉበት፣ የሚያምር ኳስ የሚጫወት ቡድን። ያኔ ጨዋታ ማየት ራሱ ድካም ነበር። ዲሽ ያለበት ቤት ይፈለጋል፣ መብራት ይለመናል። ያንን ያየ ትውልድ ሄንሪ ሲስትም አይቷል።

የዛሬው ወጣት ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ሄንሪ አርሰናልን ለቅቆ ባርሴሎና ሲገባ ገና ጡት አልጣለም። ሄንሪን የሚያውቀው ስልኩ ላይ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ምት ጎል ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ ይወድቃል። ግብ ጠባቂ የሚያድን የለም። ይህ ትዳርን በሠርግ ቪዲዮ ብቻ እንደማወቅ ነው። እንግዲህ ዮኬሬሽ የሚወዳደረው አንዴም ስቶ ከማያውቅ ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ኖሮ አያውቅም። ያንን ቁጥር ከሄንሪ ቀጥሎ የለበሱትም ያዩት ይህንኑ ነው። ዋልኮት፣ ኦባሜያንግ፣ ኤንኬቲያ። ኦባሜያንግ በ2018/19 በ22 ጎል የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢነት ተጋርቶ፣ በ2020 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ ሁለት አግብቶም «ሄንሪ አይደለም» ተብሏል።

ወደ አገር ቤት ስሄድ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ጨዋታ አየሁ። አግዳሚው ሞልቷል፣ በሩ ላይ የቆሙም አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የውርርድ ቲኬት ይዟል። ቲኬቱ ላብ አርሶት ልፍስፍስ ብሏል። አጥቂው አንድ ኳስ ሲያመልጠው ልጁ ብድግ ብሎ ቲኬቱን ጨመደደው። ከዚያ መልሶ በጉልበቱ ላይ ዘረጋጋው፤ ገና ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ተመልካች አጥቂን ታገሥ ማለት ከባድ ነው። ውርርዱ ደጋፊነታችንን ምን ያህል እንደለወጠው ሳስብ ያመኛል። የተጫዋቹ አንድ መጥፎ ቀን ከልጁ ኪስ ይወጣል። ስድቡም የዚያኑ ያህል ይመራል።

ይህን ስል እነዚያን ልጆች እያሳነስኩ አይደለም። ጨዋታውን በማወቅ የለንደኑን ወጣት ያስከነዳሉ። አሰላለፉን፣ የተጎዳውን፣ የተቀጣውን ተጫዋች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የጎደላቸው ያለፈው ዘመን ሙሉ ታሪክ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አላቆየላቸውም።

በራሳችን ክለቦች ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሄንሪን ቢያንስ በቪዲዮ እናየዋለን። መንግሥቱ ወርቁን ግን? እ.ኤ.አ. ጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ያገባው እሱ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው አሥር ጎል አለው። የተጫዋችነት ዘመኑን በቅዱስ ጊዮርጊስ አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ሄዷል። ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች አዲስ አጥቂ ሲያስፈርሙ ከመንግሥቱ ጋር የሚያወዳድር ወጣት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ስሙን ያውቁታል፣ ያከብሩታል። ግን በምን እግሩ እንደሚመታ፣ ተከላካይ ሲጠጋው ምን እንደሚያደርግ፣ በመጥፎ ቀኑ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው የለም።

አንድ የማነሣው ጥሩ ነገር አለ። አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ የሰበረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሊጋችን በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በዚህም ያገባውም የሳተውም ካሜራ ውስጥ ገብቷል። አቡበከር ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከሄደ በኋላ ቡና የሚያመጣው አጥቂ ሁሉ ከእሱ ጋር መወዳደሩ አይቀርም። ይወዳደር። የቡናማዎቹ ደጋፊ ቢያንስ የሚያወዳድረው በዓይኑ ካየው ሙሉ ሰው ጋር ነው። ያ ልጅ ገና ታዳጊ ሳለ ተቀይሮ እየገባ ያሳለፈውንም ጊዜ የሚያስታውስ አለ።

ከዚያ በፊት ላሉት ግን የቀረን የሰው ትዝታ ብቻ ነው። የዚያ ትዝታ ግማሹ ደግሞ እኛው ጋ፣ ውጭ አገር ነው ያለው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየክረምቱ ከተማ እየቀያየረ ውድድር ያዘጋጃል። አውሮፓም የራሱ አለው። በየሜዳው ዳር ጃኬት ደርበው የተቀመጡ አዛውንቶችን አስተውሉ። ግማሹ የቀድሞ ተጫዋች፣ ግማሹ ከአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች፣ ከሚስማር ተራና ከካታንጋ የማይጠፋ ደጋፊ የነበረ ነው። ሰላም ብለን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ክትፎ ወደሚሸጥበት ድንኳን እናልፋለን። ስልካችን ግን ሰዓታት የሚቀርጽ ነው።

እኔ በአጎቴ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ «እንደ መንግሥቱ ያለ አልተፈጠረም፣ አበቃ» ብለው ሊዘጉት ፈልገው ነበር። እኔ ግን እንደ ጎረቤቴ ፕሮግራም ዝርዝሩን ነው የምፈልገው። የት ተቀምጠው ያዩ እንደነበር፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። ቀስ በቀስ ወሬው መጣ። መጨረሻ ላይ ጊዮርጊስ ያኔ አዲስ አጥቂ ሲያመጣ ደጋፊው ምን ይል እንደነበር ጠየቅኳቸው። ለመመለስ ብዙ አላሰቡም። «ምን ይላል? ‹እንደ መንግሥቱ አይሆንም› ነዋ!» አሉ። ቀጥለውም መንግሥቱ ራሱ ልጅ ሆኖ ሲመጣ ከማን ጋር ሲወዳደር እንደሰሙ ሊነግሩኝ ጀመሩ። ስሞቹን ለማጣራት ሁለት የዕድሜ እኩዮቻቸውን ማግኘት አለብኝ፤ አንዱ ዋሽንግተን ነው ያሉት፣ ቁጥራቸውን ተቀብያለሁ።