ፖስታውን ክፈቱት እንጂ!

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ጠሩኝ። «አንዲት ወረቀት አለች፣ ታነብልኛለህ» ብለው ነው። ቶናው ሲቀዳ ከፍሪጁ አናት ላይ ፌስታል አወረዱ። አንዲት ወረቀት አይደለችም። 41 ፖስታ ነው። አንዱም አልተከፈተም።

«እማማ፣ ምነው ሳይከፍቷቸው?»

«ከተከፈተማ አየሁት ማለት አይደል፣ ልጄ።»

ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስነዳ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። የመኪናዬ በር ኪስ ውስጥ እኔም ሁለት ያልከፈትኳቸው ነበሩኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ራሴንም ነው። ያ ፌስታል በየቤታችን አለ። አንዳንዱ ቤት ፍሪጅ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ቤት አልጋ ስር። ሁለትና ሦስት ሥራ እየሠራን፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳን፣ ዕቁብ ቀን ሳናዛንፍ እየጣልን፣ በስማችን የመጣ ፖስታ ግን እንፈራለን። ሀገር ቤት ዝም ያለ ሰው ጨዋ ነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። ይህን ልዩነት ለመማር ስንት ዓመት ይፈጅብናል?

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ከ41ዱ አብዛኛው የንግድ ማስታወቂያ ነው። ሦስቱ ግን ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት የመጡ ናቸው። በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ክሬዲት ካርድ 2,340 ዶላር አለብዎት ይላል። እማማ የተቀመጡበት ሶፋ እንኳን ጎረቤታቸው ቤት ሲቀይር የተወላቸው ነው። የዕቃ መደብር ካርድ አያውቁም። ደብዳቤውን ገልጬ ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «እ፣ እነሱ ናቸው ለካ! በስልክ ሲያስቸግሩኝ 50 ዶላር ሰጠኋቸው፣ እንዲተዉኝ ብዬ።»

እንዲተዉኝ ብዬ! ይህች ቃል ናት ያበገነችኝ። ስንቶቻችን ነን ለሰላም ብለን ለማናውቀው ዕዳ ገንዘብ የቆነጠርን? ለማታውቁት ዕዳ አንድ ዶላር ስትከፍሉ፣ ሰብሳቢው የሚሰማው «ተውኝ» የሚለውን አይደለም። «አዎ፣ የኔ ነው» የሚለውን ነው። ደግሞም ዕዳ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ጊዜ ገደብ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ለተራ ውል 3 ዓመት ነው። በብዙ ስቴቶች ግን በአሮጌ ዕዳ ላይ ትንሽ ክፍያ መክፈል ያንን ሰዓት እንደገና ከዜሮ ሊያስጀምረው ይችላል። 50 ዶላር ከፍላችሁ የሞተ ዕዳ ከመቃብር ታስነሣላችሁ።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ እናንተ ናችሁ ከሕጉ ጋር የሌላችሁት። ከ1977 ጀምሮ የዕዳ ሰብሳቢዎችን እጅ የሚይዝ የፌዴራል ሕግ አለ። ሰብሳቢው ባገኛችሁ በ5 ቀን ውስጥ ዕዳው ስንት እንደሆነና አበዳሪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። በእነዚህ 30 ቀናት ውስጥ «ይህን ዕዳ አላውቀውም፣ ማስረጃ አምጣ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ ገንዘቡን መጠየቅ ማቆም ግዴታው ነው። ከ30ው ቀን በኋላም መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ግን የማቆም ግዴታው የለበትም። «በስልክ ነገርኳቸው» አትበሉኝ። ስልክ ላይ የተናገራችሁት ነፋስ ወስዶታል። ጻፉ። በሰርተፋይድ ሜይል ላኩ፣ መድረሱን የሚያሳየውን ደረሰኝ ያዙ፣ ኮፒውን አስቀሩ። እንግሊዝኛችሁ የተሰባበረ ይሁን፤ ሦስት መስመር ይበቃል።

«ፖሊስ ይመጣብሃል» እያለ የሚያስፈራራችሁስ? ይዋሻል። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ ዕዳ ማንም አይታሰርም፣ ሰብሳቢው እንዲህ ብሎ ማስፈራራቱም ሕገ ወጥ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም መደወል አይችልም። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የምላችሁ።

ፍርድ ቤት ከጠራችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ፌስታል ውስጥ የሚገባ ወረቀት አይደለም የያዛችሁት። ሜሪላንድ በሚገኘው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ክሱ ከተሰጣችሁ በኋላ «እከራከራለሁ» ብላችሁ ለማሳወቅ ያላችሁ 15 ቀን ብቻ ነው። ካላሳወቃችሁ ከሳሹ ባቀረበው ወረቀት ብቻ ሊፈረድባችሁ ይችላል። ፍርዱ እዚያው ሜሪላንድ 12 ዓመት ይኖራል፣ ሊታደስም ይችላል። ከደመወዛችሁ ላይ እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። በሌሊት ፈረቃ ለፍታችሁ ካመጣችሁት፣ አይታችሁት ለማታውቁት ሶፋ! ብዙ ጊዜ ከሳሹ እኮ መደብሩም ባንኩም አይደለም። ዕዳውን በርካሽ የገዛ ድርጅት ነው። ውሉን አምጣ፣ ፊርማዬን አሳየኝ፣ ከማን ገዛኸው ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካልቀረበ ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ደግሞ ሁለተኛው በር። ለሰብሳቢው የጻፈ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይተኛል። የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ የሚጻፍበት የክሬዲት ሪፖርት ግን እዚያው አለ። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስቱ ቢሮዎች እያንዳንዳቸው በስማችሁ መዝገብ ይዘዋል፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ሦስቱንም በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። በነፃ ነው ስል በነፃ ነው፤ ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ገጽ ሌላ ነው፣ ውጡ። የማታውቁት አካውንት ካያችሁ ለዚያው ቢሮ በጽሑፍ ዲስፒዩት አድርጉ፣ «ይህ ስህተት ነው» ብላችሁ ተቃወሙ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት፣ ማረጋገጥ ያልቻለውን ማውጣት አለበት። ለአበዳሪውም በተጨማሪ ጻፉ።

የማታውቁት አካውንት ሁሉ ደግሞ ሌባ የከፈተው አይደለም። የኛ ጉዳይ የራሱ ጣጣ አለው። የአያት ስም የሚባለውን ሳጥን የአባታችንን ስም ጽፈን ሞልተናል። «ተስፋዬ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። የልደት ቀናችንስ? በስደት ስንቱ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል! አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ፣ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሰዎች መዝገባቸው ቢደበላለቅ ምን ይገርማል? ይህን አይቶ ማስተካከል የእናንተ ሥራ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር የአባት ስምና የቤተሰብ ስም ለይቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል፣ አትቀየሙኝ። መንግሥት ለየሰዉ የሚሰጠውን መለያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን፣ እንደ ስኳር ለጎረቤት ማዋስ አቁሙ። «ለልጁ ስልክ ላውጣለት»፣ «ለአክስቴ ልጅ አፓርታማ ላስይዝለት፣ ገና መምጣቱ ነው»። ደግ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም የመጣሁ ሰሞን በሰው ስም የወጣ ስልክ ይዤ ነው ሥራ ያገኘሁት። ግን ፈቅዳችሁ የሰጣችሁት ስም ተሰረቀ አይባልም። ነገ ልጁ ሳይከፍል ቴክሳስ ሲሄድ፣ የማንነት ስርቆት ብላችሁ ብታመለክቱ፣ ያ ማመልከቻ በሐሰት ከሞላችሁት ራሱ ወንጀል ነው።

ኮሳይን የሚባለውም አለላችሁ፤ በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም ነው። እኛ «ዋስ» ብለን ተረጎምነው፣ ትርጉሙ ነው የገደለን። በኛ አእምሮ ዋስ የሚባለው መጀመሪያ ባለዕዳው ተፈልጎ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ እንቢ ሲል የሚጠራ ሰው ነው። እዚህ ኮሳይን ያደረገ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ባለዕዳ ነው። አበዳሪው ዋናውን ሰው ሳይነካ በቀጥታ እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከ1985 ጀምሮ ይህንን የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እንዲሰጣችሁ የፌዴራል ደንብ ያዝዛል። ለኔም ተሰጥቶኛል። አላነበብኩትም። የአጎቴ ልጅ መኪና ሲገዛ ነው። ማታ 3 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሻጩ የሀገር ልጅ ነው፣ በአማርኛ «ፎርማሊቲ ነው ወንድሜ፣ እዚህ፣ እዚህና እዚህ» እያለ ጣቱን ያስኬዳል። የወለዱ ዓመታዊ መጠን 19 በመቶ ነበር። ጠቅላላ የሚከፈለው ገንዘብ በሣጥን ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ከ1968 ጀምሮ ሕግ ሆኖ ነው የተጻፈው። ዓይኔ የነበረው ወርሃዊ ክፍያው ላይ ብቻ ነው። በማግስቱ «3 ቀን አለኝ አይደል፣ ልመልስ» ብዬ ሄድኩ። የለም። ያ የ3 ቀን ደንብ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ሻጭ ነው እንጂ ከመኪና መሸጫ ግቢ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ይህንን ወሬ ማን እንዳመጣብን አላውቅም፣ በየካፌው ግን እንደ ወንጌል ይነገራል። የአጎቴ ልጅ 11 ወር ከፈለ፣ ቀሪውን እኔ ጨረስኩት። እስካሁን ሠርግ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ስለ አየሩ ነው የምናወራው።

በአማርኛ ስለተነገረን አመንን። የተፈረመው በእንግሊዝኛ ነው። ሻጩ በአፉ የነገራችሁ ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ የለም። ባዶ ቦታ ባለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ የፈረማችሁትን ኮፒ ሳትይዙ ከወንበሩ አትነሡ። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስጄ ላንብብ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ሻጭ ካለ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

ክሬዲት አጸዳለሁ እያሉ በየቴሌግራሙ የሚለጥፉትንም አንድ ነገር ልበል። ሥራውን ሳይጨርስ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል በ1996 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። እሱ ደግሞ 800 ዶላር ካልተቀበለ ብዕር አያነሣም። የሚሠራውም ሪፖርታችሁ ላይ ያለውን ሁሉ፣ እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም፣ «የኔ አይደለም» እያለ መላክ ነው። የራሳችሁን ዕዳ ካዳችሁ ማለት ነው፣ በፊርማችሁ። እውነተኛውን ዕዳ ማንም አያጸዳውም፤ በ7 ዓመቱ ራሱ ይወርዳል። ሐሰተኛውን ደግሞ እናንተው በፖስታ ቴምብር ዋጋ ታስወጡታላችሁ። ሌላ ሰው በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳያወጣ ክሬዲታችሁን መቆለፍም ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በነፃ ነው፤ በሦስቱም ቢሮ ለየብቻ ይደረጋል፣ ብድር ስትፈልጉ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቃችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ ይከፈታል። በ2017 ኢኩፋክስ ሲዘረፍ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጥቷል። የናንተ ቁጥር ከዚያ ውስጥ የለም ብሎ የሚምል ካለ ይምጣ።

እማማ ቤት በረካው ሲጠጣ ሪፖርታቸውን በስልኬ አወጣን። የዕቃ መደብሩ አካውንት አለ። ሥሩ የተጻፈውን አድራሻ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ ሃያትስቪል፣ የአፓርታማ ቁጥር ሳይቀር። እማማ ስኒውን አስቀመጡ።

«የወንድሜ ልጅ ነበር እዚያ የሚኖረው» አሉ። ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከሰሉ ጠፋ። ሶሻላቸውን ሰጥተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልሰጡትም፤ ወረቀታቸውን ግን የሚሞላላቸው እሱ ነበር።

ለሰብሳቢው የሚላከውን ደብዳቤ እዚያው ጻፍን። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሰ 21 ቀኑ ነበር፣ 9 ቀን ቀርቶናል። ደብዳቤው ማን እንደከፈተው አይጠይቅም። አልከፈትኩም፣ 50 ዶላሩንም የከፈልኩት የኔ ነው ብዬ አይደለም፣ ማስረጃ አምጡ ይላል፣ በቃ። ሰኞ በሰርተፋይድ ሜይል ሄደ። የማንነት ስርቆቱ ማመልከቻ ግን ሌላ ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ ይሞላል፤ ከመታወቂያ ማስረጃ ጋር ለቢሮዎቹ ከደረሰ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ አካውንቱን ከሪፖርቱ ላይ ማገድ አለባቸው። የሚያውቁት ነገር ካለ ደግሞ በእውነት መናገርን ይጠይቃል። ልጁን አምነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቱ አዲስ አበባ ናት፣ በየሳምንቱ ትደውላለች።

«እስቲ አስቀምጥልኝ፣ ላስብበት» አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ሌላ የምለው አጣሁ። ትናንት ሄጄ ነበር። ፌስታሉ ከፍሪጁ ላይ ወርዷል። ማመልከቻው ታትሞ፣ ፊርማው ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ረከቦቱ ሥር አለ።