ሰባት ዳይሬክተርና አንድ ትሪ ሽሮ

መምህራችን ሰባታችንን በአንድ ቡድን መድቦ «የአምስት ደቂቃ ፊልም ሠርታችሁ ኑ» ሲለን፣ ከክፍል ሳንወጣ ሰባታችንም ዳይሬክተር ሆንን። ካሜራ የሚይዝ በልመና ተገኘ። ድምፅ የሚቀዳ ግን ጠፋ። ማይክራፎን የታሰረበትን የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም ከጥበብ ይልቅ ለንስሐ የሚቀርብ ስለመሰለን፣ ሁሉም በድንገት ወገቡን ያመው ጀመር። ዕጣ ወጣ፤ ለእኔ ደረሰ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከቤት ጠፍቶ የከረመ ልጅ ይመለሳል፤ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፤ አንዴ ይጎርስና «እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ» ይላል። ለቀረጻው ሽሮ ሜዳ ያለ ቤታቸውን የፈቀዱልን የአንዷ ጓደኛችን እናት ናቸው። ቀኑ ዓርብ መሆኑን ከሰባት ዳይሬክተር አንድም ልብ ያለ የለም።

«በዓርብ ዶሮ? በእኔ ቤት?» አሉ እማማ።

በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅን ሰዎች ዶሮውን በአንድ ደቂቃ ሽሮ አደረግነው። ደግሞስ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ ሽሮ የሚንቅ ማን ነው?

ቀረጻው ተጀመረ። ልጁ ጎረሰ፤ ውሻ ጮኸ። ጎረሰ፤ ከአጥሩ ውጭ «ቆራሌው!» ተባለ። ጎረሰ፤ ክንዴ ዝሎ ማይክራፎኑ ወጡ ውስጥ ሊነከር ለጥቂት ተረፈ። በየመሀሉ የተቆረሰው ጎን እንዳይታወቅ ትሪው ይዞራል፤ መዞሪያ ሲያጣ አዲስ እንጀራ ይነጠፋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል ይባላል፤ ስለ 14ኛው ጉርሻ ግን አባቶች የተናገሩት ነገር የለም። ተዋናያችን «ሥራ አገኘሁ» ያለው ከሥራ እንደተባረረ ሰው ነው። እማማ ከጓዳው በር ላይ ቆመው «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን ያግደረድርሃል?» ይሉታል። ያን ቀን ከቀዳሁት ሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማው ይኸው የእሳቸው ድምፅ ነው።

ለቅንብር ስንቀመጥ ሌላ ጉድ መጣ። ፊት ለፊት የተቀመጡት እናትና ልጅ በፊልሙ ውስጥ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ታክሲ የሚጠብቁ ይመስላሉ። በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል በሐሳብ መስመር እንደሚሰመር፣ ካሜራውም ያን መስመር ተሻግሮ መቆም እንደሌለበት መምህራችን ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሮናል። ሰባታችንም ነበርን። እኔ በበኩሌ ሽልማት ስቀበል የማደርገውን ንግግር እያሰላሰልኩ ነበር።

ደግነቱ አቀናባሪያችን (እሱም ዳይሬክተር ነው) መላ አላጣም። የልጁን ምስል እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገለበጠው። እናትና ልጅ ተያዩ፤ እኛም ተቃቀፍን። በሴኮንድ 24 ምስል ሲታሰብ አምስት ደቂቃ 7,200 ምስል ነው። ይህን ሁሉ ሰባታችን ደጋግመን አየን፤ መምህሩም አይቶ ደህና ማርክ ሰጠን።

እማማን ልናመሰግን ፊልሙን በኮምፒውተር ይዘን ሄድን። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የሰባቱ ዳይሬክተሮች ስም አልፎ እስኪያልቅ ተመለከቱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«14 ጊዜ በቀኙ ሲጎርስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምን በድያችሁ ነው፣ ልጆቼ፣ እኔ ቤት በግራ እጁ በላ ብላችሁ ለሰው የምታሳዩት?»