ብቻዬን ነኝ፣ ፈቀቅ በሉልኝ

ሰውየው ትሑት ነበር። ይህን አስቀድሜ ልመስክርለት። አሸዋው ላይ ተጋድሜ መጽሐፍ ሳነብ አጠገቤ መጣ፤ ጎንበስ አለ፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ ትልልኝ? ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ብቻውን የመጣ ሰው ጠጋ በልልኝ ይላል እንጂ ፈቀቅ በልልኝ ይላል እንዴ? ዞር ስል ግን ተገለጠልኝ። ከኋላው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተተክሏል። ማቆሚያው ላይ ስልክ አለ። የስልኩ ዓይን እኔ ላይ አርፏል። ለካ ሰው ባለበት ብቸኝነት ፎቶ አይወጣለትም!

ተነሳሁ። ዐሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ተቀመጥኩ። «ነጠላ ጫማህ» አለኝ፣ አሁንም በትሕትና። ተመልሼ ነጠላ ጫማዬን አነሳሁ። እንደገና ተቀመጥኩ። «ጥላህ» አለኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ከኋላዬ ዘቅዝቃለች። ጥላዬ ተዘርግቶ፣ እሱ ብቻውን ሊሆን ባሰበበት ቦታ ላይ ተኝቷል። ጥላዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ይሄ የሆነው በቅርቡ ዛንዚባር፣ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። እኔም ብቻዬን ነበር የሄድኩት። ግን ማቆሚያ ስላልያዝኩ አይቆጠርም።

ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን ጀግኖች። ሁላችንም ቢያንስ አንድ አለን። ሥራ ሰለቸኝ፣ ሰው ሰለቸኝ፣ ራሴን ልፈልግ ብሎ ወደ ሞቃት ደሴት የሚበር። ሲሄድ ለሁሉም ነግሮ፣ ሲደርስ ለሁሉም አሳውቆ፣ እዚያ ሆኖ በየሰዓቱ «ማንም አይፈልገኝ» የሚል። እኛም አልፈለግነውም ነበር። እሱ ግን ሳንፈልገው አይቀርም ብሎ ያለበትን ቦታ በካርታ ጭምር ይልክልናል።

ራሱን ሁልጊዜ የሚያገኘው ከኮኮናት ዛፍ ሥር መሆኑ ይገርመኛል። ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ወይም ጥርስ ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ ራሱን ያገኘ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ራስ የሚባለው ነገር ነጭ አሸዋ ይወዳል ማለት ነው። (በነገራችን ላይ፣ በብዙ ሞቃት ደሴቶች ዳር ከምናየው ነጭ አሸዋ ቀላል የማይባለውን ያመረተው ፓሮትፊሽ የሚባል ዓሣ ነው። ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት በጥርሱ ይግጣል፣ ይፈጫል፣ የሚበላውን ያስቀርና የተረፈውን አሸዋ አድርጎ ከኋላው ይለቅቃል። ራሳችሁን ስትፈልጉ በባዶ እግር የምትረግጡት ምን እንደሆነ እንድታውቁት ያህል ነው።)

አሁን ወደ 10 ሰከንዷ ልምጣ። ሰውየው ፎቶውን የሚነሳው በስልኩ ታይመር ነበር። ታይመሩ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ፎቶው እስኪነሳ የሚሰጠው 10 ሰከንድ ነው። ግቡ በሁለት ኮኮናት ዛፎች መሃል የተወጠረ የገመድ አልጋ ላይ፣ ዓለምን ረስቶ መተኛት ነው። ከማቆሚያው እስከ አልጋው በእኔ ግምት 25 እርምጃ ነበር። ያውም አሸዋ ላይ። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። ውሸት ነው። ታይመሩ ይቀድመዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ጀርባው ተነሳ። ሁለተኛው ላይ አልጋው ጋ ደርሶ አንድ እግሩን አስገብቷል፤ ሌላኛው ገና መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ባርኔጣው በረረ። አራተኛው ላይ፣ እልል በሉ፣ ደረሰ! ተጋደመ! ተነሳ! ሄዶ ሲያየው ግን ፊቱ የሸሸ ሌባ ፊት ነው። ያለከልካል። ሰላም ያገኘ ሰው አያለከልክም።

ተስፋ የሚቆርጥ መስሏችሁ ከሆነ እነዚህን ሰዎች አታውቋቸውም። ዘዴ ለወጠ። ፊቱን ማቆሚያው ጋ ቆሞ ያዘጋጅ ጀመር። ዓይኑን ከደን፣ ከንፈሩን ለስለስ፣ ቅንድቡን ላላ ያደርጋል። ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ፣ ያንን የሰላም ፊት እንደተሸከመ ይሮጣል። እግሩ የተባረረ ሰው እግር፣ ፊቱ የጸሎት ሰው ፊት። ይሄንን ያላየ ሰው ተጓዝኩ አይበል።

ሰባተኛው ላይ መጽሐፍ ጨመረ። አንብቦት አይደለም፤ ደረቱ ላይ ሊደፋው ነው። መጽሐፉን ይዞ መሮጥ ፍጥነቱን ስለቀነሰበት ስምንተኛው ላይ አስቀድሞ አልጋው ላይ አኖረው። አልጋው ሲወዛወዝ መጽሐፉ ወደቀ። ዘጠነኛው ላይ መጽሐፉን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ታይመሩ ደረሰበት። ዐሥረኛው ላይ ሸሚዝ ቀየረ። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ዐሥራ አንደኛው ላይ አልጋው ተገለበጠበትና አሸዋው ላይ በግንባሩ ተዘረጋ። ሁለት የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ቆመው ኖሮ በሳቅ ፈረሱ። እሱም፣ አይ እውነቱን ልናገር፣ ተነስቶ አፉን በአሸዋ ሞልቶ ሳቀ። ያኔ ወደድኩት። ከዚያ ልጆቹን «እባካችሁ፣ ፈቀቅ» አላቸው።

በርቀት የሚጫኑት ትንሽዬ መቆጣጠሪያ መኖሩን ልነግረው አስቤ ነበር። ግን የሰው ገድል አይቋረጥም።

ዐሥራ ሰባተኛው ሙከራ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ራሷ ሰለቻትና ወረደች።

ድሮ ብቸኝነት እንዲህ የረቀቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1704 አሌክሳንደር ሴልከርክ የሚባል ስኮትላንዳዊ መርከበኛ ከአለቃው ጋር ተጣላ። መርከቧ ታፈሳለች፣ በዚህች ከምሄድ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል አለ። አለቃውም እሺ አለው። በደቡብ ፓሲፊክ ሰው በሌለባት ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ። 4 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ብቻውን ኖረ። ፍየል እየሮጠ በእጁ ይይዝ ነበር። ሌሊት አይጥ እግሩን እየነከሰ ስላስቸገረው ድመቶች አላመደ። በ1709 ሰዎች መጥተው ሲያገኙት ንግግር ሊጠፋበት ደርሶ ቃሉን ግማሽ ግማሹን ነበር የሚናገረው። ያቺ መርከብም እንዳለው ሰጠመች።

ታዲያ ይሄ ሰው ምን አተረፈ? አንድ ፎቶ የለው። ፍየል የሚቀድም እግር ይዞ ማቆሚያ አጣ። የእኛው ጀግና ደግሞ ማቆሚያ ይዞ እግር አጣ። ዕድል እንዲህ ናት።

ንግግርስ ቢሆን? የዘመኑ ብቸኛ ንግግር አይጠፋበትም። «ዝምታው አናገረኝ» ብሎ ይጽፋል። ምን እንዳለው አይነግረንም እንጂ ዝምታው ለሦስት ደቂቃ ቪዲዮ የሚበቃ ሐሳብ ሰጥቶታል። ከዚያ ሪሴፕሽን ሄዶ ዋይፋዩ ደካማ ነው ብሎ ይጣላል። ልክ ነው። በደካማ ዋይፋይ ብቻውን መሆኑን ማን ያውቅለታል?

ሪዞርቶቹም ቢሆኑ አያግዙትም። ወንበሩ ሁለት ሁለት ነው፣ ጠረጴዛው የሁለት ሰው ነው፣ ብዙ ቦታ ብቻህን ብትተኛም ሂሳቡ የሁለት ሰው ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ያገኘሁት ሁለት ፎጣ በሁለት ወፍ ቅርጽ ተጣጥፎ ነው፤ አፍ ለአፍ ገጥመዋል። አንዷን ፈትቼ ታጠብኩባት። የቀረችው እስክሄድ ድረስ በኩርፊያ ስታየኝ ሰነበተች።

ደግሞ ብቻቸውን የሚሆኑት በጋራ ነው። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የምትባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አለች። ንጹሕ፣ ጸጥተኛ፣ በገደል የተከበበች። ጸጥታዋን ለማየት በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍባት ነበር። ሁሉም ሌላው ሰው ለምን እንደመጣ አይገባውም። ኮራሉ በጀልባና በሰው ብዛት ተጎዳና እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋች። የተከፈተችው በ2022 ነው። ሰው ሲጠፋ ሻርኮች ተመለሱ። እስካሁን እዚያ ቦታ ጸጥታ ያገኙ እነሱ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ አልነበረም። በዚያ ዳርቻ እንዲህ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ሲጎድል ሩቅ ድረስ ይሸሻል፤ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ይቀራሉ። ጀግናችን ሪሴፕሽን ቆሞ፣ «ባሕሩ መቼ ነው የሚመለሰው?» ሲል ሰማሁት። ልጅቷ ሳትስቅ፣ «ከስድስት ሰዓት በኋላ» አለችው። «ቀደም ማድረግ አይቻልም?» አላት። ለዚህች ልጅ ሐውልት ይገባታል። አሁንም አልሳቀችም።

ባሕሩ እንቢ ሲለው ማቆሚያውን ይዞ ወደ ሸሸው ውሃ ወረደ። እዚያ ሴቶች አሉ። ውሃው በጎደለባት ሰዓት ገብተው የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች። እንጨት ተክለው፣ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ ችግኙን አንድ በአንድ ያስራሉ። በዛንዚባር ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ወገባቸውን አጉብጠው፣ እግራቸው ጨው ውስጥ ተነክሮ፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ወጥታ ይሠራሉ። ባሕሩ ሲመለስ ሥራው ያበቃል። የሚለመን ሰው የለም።

ሰውየው ገመዳቸውን እየረገጠ አለፈ። መሃል ላይ ማቆሚያውን ተከለ። ከዚያ እጁን አወናጨፈላቸው። ፈቀቅ በሉ።

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። በማን እርሻ ላይ ቆመህ ነው ማንን ፈቀቅ የምትለው? ሴትየዋ የቆመችበት ያንተ የፎቶ ዳራ አይደለም፣ የልጆቿ ደብተር ነው። ጠዋት ጥርስህን የቦረሽክበት ሳሙና እንዳይፈስ ያደረገው ከዚሁ ዓይነት አረም የሚወጣ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ካራጊናን ይባላል፣ አይስክሬም ውስጥም ይገባል። እሷ አንተን አታውቅህም፤ አንተ ግን በአፍህ ይዘሃት ዞረህ ታባርራታለህ። ዓለም ባዶ እንዲመስልልህ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከዓይንህ ይጥፋ? መጥፋት አማረኝ ያልከው አንተ አልነበርክም እንዴ? ታዲያ ጥፋ!

አልተናገርኩትም። ሴቶቹም መልስ አልሰጡትም። አንዷ ቀና ብላ አየችውና ወደ ገመዷ ተመለሰች። እሱ ነው በመጨረሻ ማቆሚያውን ነቅሎ ፈቀቅ ያለው። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ከገባ በኋላ።

ማታ እራት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ያው በዚያች ትሕትናው ጎንበስ አለ። «ይቅርታ፣ መቀመጥ ይቻላል? ብቻዬን መብላት ይጨንቀኛል።»

ይቻላል አልኩት። የሁለት ሰው ጠረጴዛ ነው፤ ወንበሩም ተከፍሎበታል። ከተቀመጠ በኋላ ጥሩ ሰው ነው። ስለ እናቱ አወራኝ። ስለ ሥራው አወራኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል አላቋረጠም። ስልኩን አውጥቶ 400 የሚያህሉ ፎቶዎች እያሳየኝ፣ «በየትኛው ላይ ነው በጣም ብቻዬን የምመስለው?» አለኝ።

ቀስ ብዬ ገለበጥኩ። ጀርባው አለ። ባርኔጣው አለ። የጸሎት ፊቱ፣ የተደፋው መጽሐፍ፣ አራት ዓይነት ሸሚዝ። በመጨረሻ ያቺን ዐሥራ አንደኛዋን አገኘኋት። አልጋው ተገልብጧል፣ ጢሙ አሸዋ ሆኗል፣ እየሳቀ ነው፤ ከኋላው ሁለቱ ልጆች ሆዳቸውን ይዘዋል።

«ይቺን ለጥፋት» አልኩት።

ጠጋ ብሎ አያት። «ሰው አለባት እኮ» አለኝና ሰረዛት።