ክርክር፦ የአንጎል ሞገድ የታሰረ እጅ እንዲከፍት፣ በሀዋሳ አሁን ይጀመር?

የመከራከሪያው ሐሳብ ይህ ነው፦ ስትሮክ እጃቸውን ላሰረባቸው ሰዎች፣ የአንጎል ሞገድ እያነበበ የክንድን ጡንቻ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ በሀዋሳ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች አሁኑኑ ሥራ ላይ ይዋል። ደጋፊው የባዮሜዲካል መሐንዲስ ናቸው፤ ተቃዋሚዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ።

ደጋፊ፦ ስለ ቀዶ ጥገና እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። አንጎል ውስጥ የሚተከለው መሣሪያ ምን እንደሚችል ታይቷል። በአሜሪካ ኦሃዮ ሽባ የሆነው ኢያን በርክሃርት በ2014 እ.ኤ.አ. ተተክሎለት በገዛ እጁ ጠርሙስ አንስቶ እስከ መቅዳት ደርሷል፤ በ2021 ግን በኢንፌክሽን ምክንያት ወጣለት። ለሀዋሳ የምጠይቀው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ቀዶ ጥገና በራስ ቆዳ ላይ የሚያነበውን ኢኢጂ ነው።

ሰው እጁን ለመዘርጋት ሲሞክር፣ ጣቱ ባይንቀሳቀስ እንኳ፣ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ላይ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ (በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ) ሞገድ ይዳከማል። ኮምፒውተሩ መዳከሙን ሲያይ በክንድ ጀርባ ለተለጠፈው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለሚያስተላልፈው ልጥፍ፣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ጣቶች ይከፈታሉ። ሙከራውና ከእጅ ወደ አንጎል የሚመለሰው ስሜት በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ነው አንጎል የሚማረው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ይህንኑ ፈተነ። ስትሮክ ከያዛቸው የቆዩ 27 ሕሙማን 10 ጊዜ ሠለጠኑ፤ ለአንዱ ቡድን ኤሌክትሪኩ ከሙከራው ጋር ገጠመ፣ ለሌላው ግን ከሙከራው ጋር ሳይያያዝ ተሰጠ። ከ66 በሚታሰበው የፉግል ማየር የክንድ መለኪያ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 6.6 ነጥብ፣ ሁለተኛዎቹ 2.1 ጨመሩ። መሻሻሉም ከ6 እስከ 12 ወር ቆየ።

ተቃዋሚ፦ ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ግን 27 ብቻ ናቸው። ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ የደከመውን ማሠራት በ2006 እ.ኤ.አ. በ222 ሕሙማን ተፈትኖ ውጤቱ ታይቷል። ዋጋው የአንድ ጓንትና የባለሙያ ሰዓት ነው። የምፈራውም ለዚያ ሰዓት ነው። ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም ተሳፍረው የሚመጡ እናት የአንድ ሰዓት ቀጠሮ አላቸው። ሞገዱን የሚያነቡት ኤሌክትሮዶች የተገጠሙበትን ኮፍያ ማሰር፣ ጄል መሙላት፣ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ንክኪ ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ፀጉራቸው ሹሩባ ከሆነ፣ ይባስ ብሎም ቅቤ ከተቀባ፣ ኤሌክትሮዱ ቆዳውን አይነካም። ታዲያ ፀጉራቸውን ይፍቱ እንበላቸው? መሣሪያው የተሠራው የእኛን ፀጉር አስቦ አይደለም።

ደጋፊ፦ እውነት ነው፤ ከባዱ ችግር ይህ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን መፍትሔው እዚሁ በሴቶቻችን እጅ አለ። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ኤሌክትሮድ በሚያርፍባቸው መስመሮች መካከል ቆዳው እንዲገለጥ ተደርጎ ከተሠራ፣ ሹሩባ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ አጋዥ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው 8 ኤሌክትሮድ ነው፤ ሁሉም ከጆሮ ወደ ጆሮ አናትን አቋርጦ በሚያልፈው መስመር ዙሪያ ናቸው። ለሠሪዋ በሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረግላታል፤ ሹሩባው ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። ቅቤው በዋዜማው በሻምፑ ይታጠባል። በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን (ኢምፒዳንስ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ካልወረደ ሥልጠና አይጀመርም።

ሙቀትም ያሳስብዎት ይሆናል። ላብ የሚያመጣው ዝግ ያለ መዋዠቅ ከ1 ኸርዝ በታች ስለሆነ ከ8 እስከ 30 ኸርዝ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያስወግደዋል። የሚያታልለው ጄል ሲበዛ ነው፤ ጎረቤታም ኤሌክትሮዶች በጄሉ ይያያዙና ሁለቱ አንድ ነገር ያነባሉ። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ እንዲያውም ከግድግዳ ሲነቀል ከመብራት መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ረብሻ ይቀንሳል።

ተቃዋሚ፦ ስለ ራስ ቆዳ ብዙ ተባለ፤ ወደ ክንዱ እንምጣ። ኤሌክትሮዱ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ ከክርን በታች፣ ሌላው ወደ አንጓ ቀረብ ብሎ በክንድ ጀርባ ይለጠፋል። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 35 ምት ነው፣ አንዱ ምት 300 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል፤ ኃይሉ ከ5 ሚሊ አምፔር ተነስቶ አንድ አንድ እየተጨመረ ጣቶች እስኪከፈቱ። አንጓው ወደ አውራ ጣት በኩል ተነስቶ ጣቶቹ ተጨብጠው ከቀሩ፣ ኤሌክትሮዱን ወደ ትንሿ ጣት በኩል 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ማዞር ነው እንጂ ኃይል መጨመር አይደለም። የኤሌክትሮዱ ልጥፍ ከደረቀ ኤሌክትሪኩ በአንድ ጠርዝ ተጠራቅሞ ቆዳ ያቃጥላል። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ (ፔስሜከር) ለተተከለለት፣ የሚጥል በሽታው ላልተረጋጋ፣ ለነፍሰ ጡር አይደረግም። በሞተር ሳይክል አደጋ የትከሻው ነርቭ ለተበጠሰበትም አይሠራም፤ ጡንቻው ከነርቭ ተለይቷልና። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ኮፍያ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ደጋፊ፦ ያ የሚያውቅ ሰው እርስዎ ነዎት፤ ያለ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይጀመር አላልኩም። አሁን የእኔን ጥያቄ ይመልሱልኝ። በ2006ቱ ጥናት ጓንቱ የተሰጠው ጣቶቹንና አንጓውን ቢያንስ 10 ዲግሪ መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው። ጣታቸው ጭራሽ የማይነሳውስ? ለእነሱ በጓንት የሚሠለጥን እንቅስቃሴ የለም፤ ሙከራው ግን አንጎላቸው ውስጥ አለ።

ተቃዋሚ፦ ለእነሱ መስታወት አለ፤ ደህናው እጅ በመስታወት ሲሠራ እያዩ በቀን 30 ደቂቃ። ሆኖም ለሁሉም አይበቃም፤ እዚህ ላይ ያሉት ትክክል ነው። ስለዚህ ተቃውሞዬን ላጥብበው። በጓንት መሠልጠን ለሚችል ሰው ኮፍያው አይደረግ። ለቀሩት፣ የፉግል ማየር ነጥባቸው በፊትም በኋላም ማን በምን እንደሠለጠነ በማያውቅ ባለሙያ ይለካ። ከ10 የሥልጠና ቀን በኋላ 5 ነጥብ ያልጨመረ ይቁም፤ ሰዓቱ ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጥ።

ደጋፊ፦ እስማማለሁ፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይቆጠሩ። በእነሱ ኮምፒውተሩ ነው ሰውየውን የሚማረው። ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆን ሰው ሞገዱን መቆጣጠር ሊያቅተው ስለሚችል፣ ይህን ለመለየትም ጊዜ ያስፈልጋል።

ተቃዋሚ፦ ይቆጠራሉ። እኚያ እናት ለሁለቱም ቀን የትራንስፖርት ይከፍላሉ። ኮምፒውተሩ ሰውየውን የሚማርበት ማስተካከያ በ40 ሙከራ ይጠናቀቅ፤ አንዱ 12 ሰከንድ ቢሆን 8 ደቂቃ ነው። በዚያው ቀን የተጨበጠው እጅ ተፍታቶ፣ ኤሌክትሪኩም ተሰጥቶ ይሂዱ።