ማኑዋሉ ለእነሱ ወረቀት፣ ለእኛ ሰው

እዚህ አሜሪካ የድሮ ቪዲዮ ጌም ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። አንዱ ጌም በሦስት ዓይነት ዋጋ ይቀርባል። ካሴቱ ብቻውን፣ ካሴቱ ከነካርቶኑ፣ ካሴቱ ከነካርቶኑና ከነማኑዋሉ፣ ማለትም አጨዋወቱን ከምትነግረው ትንሽ መጽሐፍ ጋር። የመጨረሻው ዋጋው ይሰቀላል። ማኑዋሉን ለብቻው በላስቲክ ሸፍነው የሚሸጡም አሉ። ለማያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። በስቴፕል የተያያዘች ቀጭን ወረቀት ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣባታል? ይወጣባታል። የሚገዟትም ሥራና ልጅ ያላቸው፣ ፀጉራቸው ገባ ገባ ያለ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

አንዱን የሥራ ባልደረባዬን ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅኩት። ዓይኑ በራ። እናቱ ጌም የምትገዛለት ለልደቱ ነበር። ከሱቅ እስከ ቤት ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ማኑዋሉን ያነባል። ቤት ሲደርስ የጠላቶቹን ስም በቃሉ ይዞ ጨርሷል። እናቱ ዛሬ የለችም። ማኑዋሉ ግን አለ።

ያኔ ማኑዋል ጌጥ አልነበረም። ሱፐር ማሪዮ ብሮስ በ1985 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሙሉ ጌሙ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ታሪክ የሚጻፍበት ስፍራ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ታሪኩ ወረቀት ላይ ወጣ። ማኑዋሉ እንደሚለው የኤሊዎቹ ንጉሥ የእንጉዳይ መንግሥትን በአስማት ወረረ። ሰላማዊ ሕዝቧንም ወደ ድንጋይና ወደ ጡብ ቀየረው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አገር ቤት ማሪዮን በቲቪ ጌም ያልተጫወተ የእኔ ዕድሜ ልጅ ጥቂት ነው። አንድ ካሴት ላይ መዓት ጌም ተጭኖ ይመጣል። ካርቶኑ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም። ያንን ጡብ በጭንቅላታችን እየመታን ስንት ጊዜ አፈረስነው። ጡቡ ሰው እንደነበር ግን የነገረን የለም። ጨዋታውን ከማንም በላይ እናውቀው ነበር፤ ታሪኩን ግን አናውቀውም ነበር።

ማኑዋል የሌለው ልጅ መንገድ ላይ የሚቀርባቸው ጌሞችም ነበሩ። በ1990 የወጣው ስታር ትሮፒክስ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበረው። ጌሙ መሀል ላይ ደብዳቤውን ውኃ ውስጥ ንከረው ይልሃል። እውነተኛውን ወረቀት ማለቱ ነው። ስትነክረው 747 የሚል ቁጥር ይወጣል። ጌሙን ያለ ደብዳቤው የተከራየ የአሜሪካ ልጅ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ሜታል ጊር ሶሊድ ደግሞ በ1998 ወጣ። አንዲት ሴት በሬዲዮ ማግኘት አለብህ፤ የሬዲዮዋ ቁጥር ያለው በዲስኩ ማስቀመጫ ጀርባ ላይ ነው። ሥዕሉን አይተህ 140.15 ትላለህ፣ ታልፋለህ።

እኛ ጋ ማስቀመጫ የሚባል ነገር የት አለ? ዲስኩ የመጣው በቀጭን ላስቲክ ነው። ስሙ በማርከር ተጽፎበታል፣ ያውም ተሳስቶ። በሰፈራችን አንድ ልጅ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየሞከረ አገኘው። ከዚያ በኋላ «መቶ አርባ ነጥብ አሥራ አምስት» ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ያ ልጅ ስሙ ገነነ። ጌሙን አይተው የማያውቁ ልጆች እንኳ ቁጥሩን ይጠሩት ነበር።

የእኛ ማኑዋል ሰው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፕሌይ ስቴሽን ቤት የገባ ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበር፣ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ፣ ተሸናፊ ይከፍላል። የኳስ ጌሙ ብዙ ጊዜ የጃፓን ኮፒ ነው። ፊደሉን የሚያነብ አንድ ሰው የለም። ግን ሁሉም ይጫወታል። «ሁለቴ ወደ ታች፣ ከዚያ ክቧን!» ይልሃል ከኋላ የቆመው። በጃፓን ዲስክ ላይ ከጆይስቲኩ ቁልፎች ክቧ ናት እሺ የምትለው፤ ኤክሷ ትመልሳለች። በእንግሊዝኛው ዲስክ ግን እሺ የምትለው ኤክሷ ናት። ይህን ያስተማረን ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ነው። «አይ አንተ፣ ኤክሷን አልኩህ እንዴ?» እያለ።

ደብተርም ነበረ። ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ከመጣ በኋላ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ የኮድ ገጽ ሆነ። አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ አር ቱ፣ ከዚያ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ እንደገና ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። እነዚህን የጆይስቲክ ቁልፎች በተራ ስትጫን ጌሙ የጦር መሣሪያ ይሰጥሃል፤ ይህ የመሣሪያው ኮድ ነው። አቅጣጫዎቹ በትንንሽ ቀስቶች ይሣላሉ። ጎኑ ላይ «መሣሪያ»፣ «ብር»፣ «ፖሊስ የሚያጠፋ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፋል። ገጹ ይገለበጣል፣ ይዋሳል፣ አንዳንዴም በማስቲካ ይለወጣል። እነዚህ አሜሪካውያን በላስቲክ ሸፍነው ከሚያስቀምጡት ማኑዋል ጀርባ ላይም «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ገጽ አለ። አንዱን ገልጬ አይቻለሁ። የሕፃን እጅ ጽሑፍ ነው። የይለፍ ቃል በእርሳስ ተጽፎ፣ አንዱ ፊደል ጠፍቶ እንደገና ተጽፏል። ያኔ ብዙ ካሴት የደረስክበትን አያስታውስልህም፤ ራስህ መጻፍ ነበረብህ። ያንን ገጽ ሳይ የሠፈሬን ደብተር ነው ያየሁት።

ስለዚህ የእኛው ይሻል ነበር የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሰው ከሰው ይማር ነበር፣ ፍቅር ነበረ ይላሉ። ፍቅሩ ነበረ፣ እኔም እመሰክራለሁ። ግን አንድ ነገር አንርሳ። ሰው የሆነ ማኑዋል ሁሉንም አያስገባም። ከኋላህ የቆመው ልጅ ከወደደህ ይነግርሃል፤ ካልወደደህ «ራስህ ፈልገው» ይልሃል። ሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አትገባም። ታናሽ እህቴ ከእኔ ይልቅ ጨዋታ ይገባታል። ፕሌይ ስቴሽን ቤት ግን አንድ ቀን እግሯ ረግጦ አያውቅም። ማን ይፈቅድላታል? እናታችን ብትፈቅድ ጎረቤት አይፈቅድም። የምትጫወተው ዘመድ ለበዓል ፕሌይ ስቴሽኑን ይዞ ቤት ሲመጣ ብቻ ነበር። ያኔም ጆይስቲኩ ለእሷ እስኪደርስ ይመሻል። ማኑዋል ቢኖር ኖሮ ማንንም ሳትለማመጥ ቁጭ ብላ ታነበው ነበር። ወረቀት ማን እንደሆንሽ አይጠይቅም። የፈረንጆቹን ናፍቆት በቁም ነገር የምወስደውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ማኑዋል በነሱም አገር የለም ማለት ይቻላል። ጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት በ2010 ለፕሌይ ስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ጌሞቹ ማኑዋል ማተም እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ምክንያቱ ለዛፍና ለአካባቢ ነው አለ። ሌሎቹም እየተከተሉ አቆሙ። ኒንተንዶ ስዊች የሚባለው የጌም መጫወቻ በ2017 ሲመጣ የጌሙን ማስቀመጫ ስትከፍተው አንዲት ጥፍር የምታህል ካርድ ብቻ ናት ያለችው። በግራ በኩል ወረቀት የሚይዙት ሁለት ጥርሶች ግን አሁንም አሉ። የሚይዙት የለም። እዚህ የተወለደው የወንድሜ ልጅ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጌሙ ራሱ እየነገረህ ለምን ታነባለህ አለኝ። የከበደው ቦታ ሲደርስ ክፍሉን ዘግቶ ቪዲዮ ያያል። የማያውቀው ሰው ይነግረዋል፣ ያልፋል። አገር ቤትም ብዙው ልጅ በየስልኩ ላይ እየሆነ ነው።

ፈረንጆቹ ግን የጠፋባቸውን ይሰበስባሉ። ይህን ነው የማደንቅላቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው፣ የቆዩ ነገሮችን በሚያስቀምጠው ድረ ገጽ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ማኑዋሎች ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። ብዙውን የሠሩት ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ሰዓታቸው የሚለፉ ሰዎች ናቸው። ሮቸስተር ኒው ዮርክ ውስጥ የጨዋታ ሙዚየም አለ። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የድሮ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ስለዚህ ይሯሯጣሉ።

በ2022 ቱኒክ የሚባል ጌም ወጣ። አንድሪው ሹልዳይስ የሚባል ካናዳዊ ነው የሠራው። ዋናው የምትሰበስበው ነገር የማኑዋል ገጾች ነው። ገጾቹ በአብዛኛው የተጻፉት በማይነበብ ፊደል ነው። ሥዕሉን እያየህ፣ ቀስቱን እየተከተልክ፣ ቀድሞ የነበረ ሰው በእስክሪብቶ የሞነጫጨረውን እየገመትክ ትሄዳለህ። ተጫዋቾች ስሜቱ አዲስ ነው እያሉ አደነቁት። በጃፓንኛ ሜኑ ኳስ የተጫወተ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ያንን ስሜት ከማንም በፊት ያውቀዋል።

የእኛን የሚሰበስብ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ደብተሩ ቆሻሻ ላይ ተጥሏል፣ ወይም ጎመን ተጠቅልሎበታል። ፕሌይ ስቴሽን ቤቶቹም ብዙዎቹ ፈርሰዋል። እና እባካችሁ፣ እናታችሁ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የኮድ ገጽ ያለው ደብተር ካለ ፎቶ አንሱት። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ እሱን አይደለም የምፈልገው። የየት ሰፈር እንደሆነ፣ በስንተኛ ክፍል እንደተጻፈ፣ ከማን እንደተገለበጠ ጎኑ ላይ ጻፉበት። የፕሌይ ስቴሽን ቤቱን ባለቤት የምታገኟቸው ከሆነ በአንድ ጨዋታ ስንት ያስከፍሉ እንደነበር ጠይቋቸው። ሴቶቻችንም ጻፉ። በር ላይ ቆማችሁ ምን ታዩ እንደነበር፣ ማን እንዳስገባችሁ፣ ማን እንደመለሳችሁ።