ምጣዱ የት ይቀመጣል?

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አዲስ አበባ ሲኤምሲ፣ የወጥ ቤት እድሳት ወሬ የሚጀምረው ከካቢኔት ቀለም ነው። ነጭ ወይስ ግራጫ፣ ግራናይት ወይስ ኳርትዝ እየተባለ ሳምንት ይታለፋል። ምጣዱ ትዝ የሚለው ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ እዚህ አሜሪካ ወደ ቤቱ መኪና ማቆሚያ፣ ወደ ጋራዥ ይወርዳል፣ አገር ቤት ደግሞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ብዙ ኃይልና ሰፊ ቦታ ከሚፈልጉት አንዱ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሳይለካ የሚቀረውም እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሥራው በወረቀት ይሄዳል። ምድጃ 30 ኢንች፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን 24 ኢንች፣ የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 24 ኢንች፣ ከፍታው ከነድንጋዩ 36 ኢንች፤ ይህ ቀድሞ የተለመደ ልክ ነው። ሞዴሉን መርጦ የፋብሪካውን የመግጠሚያ መመሪያ ለካቢኔት ሠሪውና ለኤሌክትሪሺያኑ መስጠት ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወረቀት ያመነ ይከስራል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የታየው ስቶቭ በወሩ ላይገኝ ይችላል፤ “ያው ነው” ተብሎ የሚመጣው ደግሞ በአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይለያል። ድንጋዩ ላይ ለሚቀበር 60 ሴንቲ ሜትር ስቶቭ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 56 በ48 ወይም በ49 ነው። የጠበበ ቀዳዳ ይሰፋል፤ የሰፋ ግራናይት ግን አይቀጠልም። ስለዚህ ዕቃው ራሱ ቤት ገብቶ ሳይለካ ድንጋይ ቆራጭ አይጠራ።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። አገር ቤት የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ይስባል፤ ይህ የተራው ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። ሶኬቱ ለአፍታ ይችለዋል፣ ሠላሳ እንጀራ እስኪወጣ ግን አይዘልቅም። መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀልጣል፤ ሰው ግን ምጣዱን ይወቅሳል። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚሳብ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ25 አምፒር ብሬከርና ከመሬት ሽቦ ጋር ያስፈልገዋል፤ በሶኬት ፋንታም በማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ ቢታሰር ይሻላል። ግድግዳው ከተለሰነና ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ይህን ማሰብ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ያንኑ ምጣድ በሻንጣ አምጥቶ እዚህ 120 ቮልት ላይ የሚሰካም አለ። አይቃጠልም፣ ግን አይሞቅም። ቮልቴጁ ወደ ግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ 30 በመቶ ነው የሚወርደው፤ 3500ው ዋት 1040 አካባቢ ይሆናል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እዚሁ በ240 ቮልት መስመር ላይ ከተሠራ በተቃራኒው ኃይሉ ወደ 4165 ዋት ይወጣል፣ ከ17 አምፒር በላይ ይስባል። ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚፈለግ የ20 አምፒር መስመር አይበቃውም፤ 30 አምፒርና 10 ጌጅ (በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ሽቦ ይሁን። የአሜሪካ የደህንነት ምልክት የሌለው ዕቃ ስለሆነ አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን አልገጥምም ይላል፤ እውነቱን ነው።

ብዙው ሰው በ120 ቮልት የሚሠራውን ባለ 16 ኢንች ምጣድ ይመርጣል። 1500 ዋት ነው እንበል፤ 12.5 አምፒር ይስባል። ጋራዥ ወርዶ ፍሪዘሩ ካለበት መስመር ላይ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል። ምጣዱን ወደ ሌላ ሶኬት ያዛውሩና ጋገራው ይቀጥላል፤ ለበዓል የተቀመጠው ሥጋ መቅለጡ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። እድሳት ላይ ያለ ሰው ለብቻው የሆነ የ20 አምፒር መስመር ቢያስጨምር ከዚህ ይድናል።

ቦታውም ይለካ። አክምባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ የሚመታው የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ነው። እዚህ ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ካቢኔት ያለው ክፍተት 18 ኢንች፣ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካቢኔት የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት፣ ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፕውድ፣ ይህን ለዓመት አይሸከምም፣ ያብጣል። ምጣዱ ከበላዩ ካቢኔት በሌለበት፣ ከተለመደው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ 91 ሴንቲ ሜትር ላይ እግር ያለው ምጣድ ሲጨመርበት ሊጥ ማዞር ትከሻ ይሰብራል።

የጭስ መሳቢያው ላይ ደግሞ አብዛኛው የሐበሻ ቤት ይታለላል። ከምድጃው በላይ የሚሰቀለው ማይክሮዌቭ ማራገቢያ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ቤት ውስጥ ነው የሚተፋው። ከሰሉ ሽታ ይቀንሳል እንጂ እርጥበት አያወጣም፣ ሲያረጅም ምንም አይሠራም። አንድ ሰዓት የሚንተከተክ የዶሮ ቁሌት ካፖርት ውስጥ ገብቶ ቢሮ ድረስ የሚሄደው በዚህ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ባለ 6 ኢንች የብረት ቱቦ፣ አጭርና መታጠፊያ ያልበዛበት፣ ካቢኔቱ ሳይሰቀል ይዘርጋ። አዲስ አበባ በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ክፍት ወጥ ቤቱ ለእንግዳ፣ “ባህላዊ ኩሽና” የሚባለው ጠባብ ክፍል ለእውነተኛው ምግብ ሆኗል፤ መሳቢያው ግን የሚሰቀለው እንግዳ በሚያየው ነው።

ለቤተሰብ ከአሜሪካ ፍሪጅ መላክ ይቅር። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፣ የአሜሪካውን 60 ሄርዝ (የመብራቱን ሞገድ ፍጥነት) ግን ከአገር ቤቱ 50 ጋር አያስታርቅም፤ የድሮው ዓይነት ሞተር ቀስ ብሎ እየዞረ ይግላል። ደግሞም 36 ኢንች ፍሪጅ 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ በር ይለካ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ቢሆን የውሃ ግፊት ይፈልጋል። ሮቶው ከወጥ ቤቱ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ ይህ ለብዙ ማሽን ስለሚያንስ ያለ ፓምፕ ስህተት እያሳየ ሊቆም ይችላል።

አዲስ አበባ በምድጃ ምርጫ ትበልጣለች። ሦስት ጋዝ፣ አንድ ኤሌክትሪክ ያለው ስቶቭ መብራት ሲጠፋም ሲሊንደር ሲያልቅም ወጥ ያበስላል። እዚህ የሚወደደው፣ ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ ማግኔት የማይዘውን ድስት አያውቀውም፤ አሉሚኒየሙ ሁሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ጀበናማ ሸክላ ነው። ኢንዳክሽን የሚገዛ ሰው ለጀበናው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለእሷም ሶኬት ያለው ጥግ ያስብላት፤ አለዚያ ቡናውም ምጣዱን ተከትሎ ጋራዥ ይወርዳል።